እቴቴ ከነሙቀቷ

«ክፍሉ ለአሮጊት ይቀዘቅዛል፤ ለተከራይ ግን ምንም አይል» ሲል ሰማሁት ታላቅ ወንድሜን። ሊያሰማኝ ብሎ አይደለም። እኔ በዚያ ሰዓት እቴቴ ክፍል ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ ከግድግዳው ግርጌ ያለውን የድሮ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ በመሮ እያሰፋሁ ነበር። ቀዳዳው የሚወጣው ወደ ውጭ፣ ከታች ወዳለው ሱቅ ጣሪያ ነው፤ ሱቁ በራፍ ላይ የቆመ ሰው የሚያወራው ሁሉ በዚያ ቀዳዳ ሽቅብ ተስቦ፣ ስልክ የደወለልህ ያህል ጥርት ብሎ ይመጣል። ልጆች ሳለን አባታችን እንግዳ ሸኝቶ ሲያበቃ እንግዳውን እንዴት አድርጎ እንደሚያማው የምንሰማው በዚሁ ቀዳዳ ነበር። ወንድሜ ይህን ረስቶታል። ሰው ሱቅ ሲከፍት ብዙ ነገር ይረሳል።

ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል፤ ከሚሸጠው ሁሉ የሚኮራበት ግን ማሞቂያው ነው። የሱቁ መስኮት ላይ ደርድሮ ሲያበራቸው ቀያይ ጥርሳቸውን ገልጠው መንገደኛው ላይ የሚስቁ ይመስላሉ። ከነዚያ ሳቂታዎች ራስ በላይ፣ በእንጨት ደረጃ ወጥተህ፣ እናታችን ከሞተች ጀምሮ እኔንም እሱንም ያሳደገችን የአባታችን እህት በሁለት ሹራብና በአንድ ካፖርት ተጠቅልላ ትቀመጣለች። ክፍሉን አባታችን ነው የሰጣት፤ በአፍ። ብርዱ የገባ ሰሞን ጋሼ ወደ ክፍሏ የሚወጣውን የመብራት ገመድ ከነሶኬቱ ነቀለው፤ ለማታ አንዲት አምፖል ብቻ ተወላት። ቆጣሪው በስሙ ነዋ! «ሂሳቡ ናላዬን አዞረው» አለ። ክፍሉ በረዶ ቤት ሲሆን ደግሞ ጊዜ አልወሰደበትም፤ «ይሄ ብርድ እቴቴን ይገድላታል፤ ከሱቁ ጀርባ መጋዘኑ ውስጥ አልጋ እንዘርጋላት» ማለት ጀመረ። መጋዘኑ መስኮት የለውም። ካርቶን ግን አለው፤ አይጥም አለው። እኔም እስከዚያ ጠዋት ድረስ ልቡ የራራ መስሎኝ ነበር።

ጆሮዬን ቀዳዳው ላይ ለጠፍኩ። ሌላኛው ደላላው ነው። የሱን ድምፅ የማያውቅ የሠፈር ሰው የለም፤ ሲናገር ሁልጊዜ ከሰው እጅ ቁልፍ እየተቀበለ ያለ ይመስላል። «ከምሳ በኋላ ሰውየውን ይዤው እመጣለሁ፤ ክፍሉ ባዶ ባይሆን እንኳ ንጹሕ ይሁን» አለ። «አሮጊቷ ዛሬውኑ ትወርዳለች፤ አታስብ» አለ ጋሼ። አሮጊቷ! እቴቴ አላለም፣ አክስቴ አላለም። ቀና ስል እቴቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ የሻይ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ አቅፋ ታየኛለች። ሰምታለች። ጆሮዋ ከእኔ ይልቅ የሾለ ነው፤ በጨለማ ሲኒማ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚንሾካሾክ ትለይ የነበረች ሴት ናት።

«ዛሬ ሥራ የለህም?» አለችኝ።

«አለኝ። ለሹፌሩ ደውዬ አክስቴ ሞተች እለዋለሁ።»

«በምን ሞትኩ?»

«በብርድ።»

«ባለፈው በብርድ ሞቼ የለ እንዴ? ሰውየው ሞኝ መሰለህ? ደረጃ ላይ ወደቀች በለው።»

ደወልኩ። የአውቶቡስ ረዳት ነኝ፤ ሹፌሩ ሳቁን ውጦ «አንተ ቀደዳ፣ ይቺ አክስትህ መሞት አይሰለቻትም?» አለኝ። «አለቃ፣ እሷ የጀመረችውን ሳትጨርስ አትተውም» ስለው ዘጋብኝ። ቀደዳ የሚለውን ስም ያወጡልኝ እነ ሹፌሩ ናቸው፤ እኔም አላሳፈርኳቸውም። አንድ ብርዳም ጠዋት ተሳፋሪው በሙሉ ፀሐይ ባለችበት በኩል ስለታጨቀ አውቶቡሳችን አጋድሎ፣ ከገበያው እስከ ሆስፒታሉ በአንድ ጎን ጎማ ብቻ ሄደ ብዬ ያወራሁት ወሬ ዛሬም በየፌርማታው ይወራል። እንዲያውም ነበርኩበት የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ታዲያ ቀደዳውን ትተህ ስታየው ሥሩ እውነት ነው። ሰው በብርድ ቀን ለፀሐይ ወንበር ይጋፋል። ተራ እስኪደርሰን በሩንና መስኮቱን ዘግተን ፀሐይ ላይ ያቆምነው አውቶቡስ ደግሞ፣ ውጭ እጅህ እየቆረፈደ፣ ስትገባበት ካፖርት ያስወልቅሃል። ጋዝ አላቃጠለ፣ መብራት አልበላ። አንድ ቀን ተሳፋሪ ስጠብቅ «ለቆርቆሮ ሳጥን የሆነ ሙቀት ለእቴቴ ክፍል ለምን ይነፈጋል?» አልኩ። ነገሩ እንዲያ ተጀመረ።

ስልኬ ላይ ስፈልግ አንድ ጢማም ሰውዬ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሙቀት የሚይዝ ባለመስታወት ሳጥን ሲሠራ አገኘሁ። ቋንቋው አይገባኝም፤ እጁን ብቻ ነው የተከተልኩት። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ስላቋረጥኩ፣ ሰው ሲናገር ሳይገባኝ አንገቴን መነቅነቁን ተክኜበታለሁ። ሰውየው ጥቁር ቀለም ሲቀባ አየሁ፤ እኔም ፈጥኜ መስታወቱን ጥቁር አድርጌ ቀባሁት። እቴቴ ዙሪያውን ዞራ አየችና «ልጄ፣ ፀሐይዋ በየት በኩል ልትገባ ነው? አንኳኩታ?» አለች። ለካ የሚቀባው ከመስታወቱ ሥር ያለው ቆርቆሮ ኖሯል! ያን ቀለም በምላጭ ስፍቅ ሰነበትኩ፤ አንዱ መስታወት ጥግ ላይ ዛሬም እንደ ማድያት ቀርቷል።

መስታወቶቹ የእቴቴ ናቸው። ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆማ ትኬት ስትቀድ ነው ያረጀችው፤ እሷ ትኬት፣ እኔ ወሬ፣ ቤተሰባችን በቀዳጅ አይታማም። ሲኒማ ቤቱ ሊፈርስ ሲል ሌላው ሠራተኛ በወንበርና በመጋረጃ ሲሻማ፣ እሷ በሩ ላይ የነበሩትን፣ የፊልም ማስታወቂያ የሚለጠፍባቸውን ባለመስታወት ሳጥኖች ጠየቀች። ሳቁባት፤ ሰጧት። ስንዝር የሚሆን ጥልቀት ያላቸው፣ እንጨታቸው የደነደነ፣ መስታወታቸው ወፍራም ሳጥኖች ናቸው። ለምን እንደፈለገቻቸው ማንም አልገባውም። ለእኔ እንኳ የነገረችኝ አንዴ ብቻ ነው፦ «ሰው ሁሉ እነሱን ቆሞ አይቷል፤ እኔን ግን ትኬቱን ሰጥቶኝ አልፏል። አሁን እስቲ እነሱ ከኔ ጋር ይቀመጡ።» አልጋዋ ሥር በአሮጌ መጋረጃ ተጠቅልለው ከርመው፣ ለዚህ ሥራ ስጠይቃት ሳታንገራግር «ውሰድ፤ እነሱም ሥራ ፈተዋል» አለችኝ።

ሥራው ለሰማው ሰው ከቀደዳዎቼ ሁሉ የሚብስ ይመስላል እንጂ ቀላል ነው። ከእቴቴ መስኮት ሥር ያለው የጋሼ ሱቅ ጣሪያ ወደ ፀሐይ ያዘነበለ ቆርቆሮ ነው፤ ከድመት በቀር የሚፈልገው አልነበረም። እሱ ላይ ሳጥኖቹን አጋጥመህ ትደረድራቸዋለህ፤ ውስጣቸው ጥቁር የተቀባ ቆርቆሮ ይነጠፋል፤ ከቆርቆሮው ሥር ከተጣለ የአውቶቡስ ወንበር የወጣ ስፖንጅ ይሆናል። ከክፍሉ ወለል ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር በዚያች በምታሳጣው ቀዳዳና በቱቦ ቁልቁል ወርዶ ከሳጥኖቹ ግርጌ ይገባል፤ ጥቁሩ ቆርቆሮ ላይ ሲደርስ ይግላል። የጋለ አየር ደግሞ እንደ አዲስ ተሿሚ ነው፤ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አያይም። ሽቅብ ይወጣና በመስኮቱ በኩል ክፍሉ ውስጥ ይገባል። ሞተር የለው፣ ገመድ የለው። ቱቦውን የሠራሁት የወተት ዱቄት ጣሳዎች ግርጌያቸውን ቆርጬ፣ አንዱን ከአንዱ ከአሮጌ ጎማ ውስጥ በወጣ ላስቲክ፣ በካላማዳሪያ፣ አስሬ ነው። ጣሪያው ላይ ሳንኳኳ የሰነበትኩትን ጋሼ ሲጠይቀኝ «ፍሳሽ እየደፈንኩልህ ነው» ብየዋለሁ። ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ሲጠይቀኝ ደግሞ «የእርግብ ሆቴል ነው፤ ባለመስታወት» ብየዋለሁ። ልብስ ሰፊው ከዚያ ወዲህ ባየኝ ቁጥር አልጋ ይይዛል።

መሮዬን ሳላስቀምጥ የጋሼ ጫማ ደረጃው ላይ ተሰማ። ጥቁር ቆርቆሮ ያቀፈውን ጉድ በመጋረጃ ሸፈንኩት። ጋሼ ገብቶ እቴቴን ግንባሯን ሳማት፤ እኔን አላየኝም፤ ክፍሉን ግን ጥግ በጥግ አየው፤ ዕቃ ሊገዛ እንደመጣ ሰው። እሷም ብርጭቆዋን አቅፋ ጠበቀችው። ሰው ሲዋሽ አታቋርጥም፤ እኔም በእጇ ተኮትኩቼ እንዲህ የሆንኩት ለዚያ ይሆናል።

«እቴቴ፣ ዛሬ እናወርድሻለን» አለ፣ ዓይኑን ሻይው ላይ ጥሎ። «ለጤናሽ ብዬ ነው።»

«ለጤናዬ።»

«እኔማ ብትኖሪበት ምን ከፋኝ? ብርዱ ነው እንጂ።»

«የሚያስወጣኝ ብርዱ ነው?»

«ብርዱ ነው፤ እኔ ልሙት።»

«ይሁን» አለች። «ብርዱ ነው ካልክ ብርዱ ነው።» እሱ የተስማማች መስሎት ትከሻው ወረደ። ሲወጣ በሩ አጠገብ ሚስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፏን አንስቶ «ዕቃ የሚያወርዱ ልጆች ስለሚመጡ ነው» ብሎ ኪሱ ከተተው። ያ ቁልፍ አባታችን ከሰጣት ቀን ጀምሮ ከሚስማሩና ከጡቷ መሀል ወጥቶ አያውቅም። እቴቴ ባዶውን ሚስማር ስታየው ቆየች። ከዚያ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ካፖርቷን ጠበቅ አደረገችና «በል ተነሳ፤ ምን ይጎልሃል? መስታወት ላቀብልህ?» አለችኝ።

የዚያን ቀን እንደሠራሁት ሠርቼ አላውቅም። በመስኮቱ ወጥቼ ጣሪያው ላይ ተንጠለጠልኩ፤ እቴቴ ከውስጥ ሳጥኑን ታቀብለኛለች፣ ምስማር ታቀብለኛለች፣ ስድብ ታቀብለኛለች። ቆርቆሮው ከብርዱ ብዛት ጉልበቴን ነከሰው። ስቱኮውን ባልዲ ውስጥ በጥብጬ የመስታወቱን ዙሪያ በጣቴ ስደፍን ጣቶቼ የሌላ ሰው ሆኑ። ልብስ ሰፊው መርፌውን አፉ ላይ ሰክቶ በሩ ላይ ወጣና «ቀደዳ! ሆቴሉ ዛሬ ሊከፈት ነው?» አለኝ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩለትና እውነቱን ነገርኩት፦ «ሆቴል አይደለም። ፀሐይ ይዞ ወደ እቴቴ ክፍል የሚነፋ ነው።» መርፌውን ከአፉ አወጣ። «ተወኝ እባክህ፤ የእርግቡ ይሻል ነበር» ብሎ ተመልሶ ገባ። አየህ፣ ውሸታም ሰው እውነት ሲናገር ሁለት ጊዜ ነው የሚደክመው።

የመስኮቱን የታች መስታወት አውልቄ በጣውላ ደፈንኩት፤ ጣውላው መሀል የጣሳውን አፍ አስገባሁ። የወለሉን ቀዳዳ ከውጭ ከቱቦው ጋር አገናኘሁ፤ ቱቦውን ፀሐይ እንዳያገኘው በስፖንጅ ጠቀለልኩት። አለቀ። ክፍል ውስጥ ገብቼ ሁለታችንም መዳፋችንን የጣሳው አፍ ላይ ደቅነን ጠበቅን። ምንም የለም። ውጭ ፀሐይዋ ዓይን ታጠፋለች፤ ጣሳው ግን እንደ ኩሩ ሰው ትንፍሽ አይልም። ተመልሼ ወጥቼ ሳጥኑን ስነካው መስታወቱ ሥር ያለው ቆርቆሮ ሊፋጅ ደርሷል። ሙቀቱ አለ፤ አልሄድም ያለ ነው። ካላማዳሪያውን ፈታሁ፤ አሰርኩ። ስልኬን አውጥቼ ጢማሙን ሰውዬ አየሁት፤ አሁንም ቋንቋው አልገባኝም፤ ሳቀብኝ እንጂ። በዚህ መሀል አንድ ጥቁር ደመና ከየት መጣ ሳይባል ፀሐይዋን ሸፈናት። እቴቴ በመስኮቱ አንገቷን አቅንታ «ደመናውም የወንድምህ ዘመድ ሆነ?» አለች። ድምጿ ግን እንደ ጠዋቱ አልነበረም። አልጋዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና፣ በፌስታል የቋጠረቻቸውን ጥቂት ልብሶች ወደ ራሷ ሳበቻቸው። ለካ ደፍራ ባትነግረኝም ቋጥራ ኖሯል። ያን ፌስታል ሳይ ጣሪያውን ትቼ ወደ ውስጥ ገባሁ። መዶሻውን ልወረውር እጄን ሳነሳ ዓይኔ ወለሉ ላይ አረፈ። ከአልጋዋ እግር አጠገብ፣ ግድግዳው ግርጌ፣ ያ ስንት ሰዓት ያሰፋሁት ቀዳዳ በጨርቅ ግጥም ብሎ ተወትፏል።

«እቴቴ! ይሄን ማን ወተፈው?»

ጎንበስ ብላ አየችው። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔ ነኛ! ብርድ ይገባል ብዬ!»

ስንት ዓመት ሙሉ፣ ብርዱ በገባ ቁጥር፣ ያንን ቀዳዳ በአሮጌ የሥራ ልብሷ እጅጌ ስትወትፍ ኖራለች። እኔ ጣሪያ ላይ ሆኜ ስቱኮ ስደፍን፣ እሷ ከልማድ ብዛት ሳይታወቃት ጎንበስ ብላ ወትፋዋለች። አየር ካልገባ ምኑ ይውጣ? ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ደመናውም፣ ሳቃችንን ሲሰማ መሰለኝ፣ ተነስቶ ሄደ። እቴቴ ራሷ እጅጌውን ጫፉን ይዛ፣ ከጠርሙስ ቡሽ እንደምታወጣ ስባ አወጣችው። ያን ጊዜ ጣሳው መጀመሪያ አስነጠሰ፤ የቀለም ሽታ፣ ጥላሸትና የሸረሪት ድር ፊቴ ላይ ተፋብኝ። ቀጥሎ ያ ታፍኖ የዋለ ሙቀት በአንዴ መጣ። እንደ በሬ ትንፋሽ! እቴቴ ፊቷን ደቀነችበት፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ራሷ ላይ ያሰረችው ሻሽ ወደ ኋላ ተርገበገበ። ቀስ ብላ የካፖርቷን ቁልፎች ፈታች። ከዚያ አንደኛውን ሹራብ አወለቀች፤ የሁለተኛውን እጅጌ ሰበሰበች። ብርዱ ከገባ ወዲህ የእቴቴን ክንድ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ቀጥኗል። ፌስታሉን በእግሯ ገፍታ አልጋው ሥር ከተተችው፤ ሳጥኖቹ ተኝተውበት ከነበረው ቦታ።

ከምሳ በኋላ ሦስቱም መጡ፤ ደላላው ከፊት፣ ጋሼ ከመሀል፣ ተከራዩ ከኋላ። ተከራዩ ወፍራም ካፖርት የለበሰ መነጽራም ሰው ነው፤ ደፉን ገና እንደተሻገረ መነጽሩ ጉም ለበሰበትና እጁን ዘርግቶ ግድግዳ መፈለግ ጀመረ። ደላላው «እንዴ!» ብሎ ኮፍያውን አወለቀ። እቴቴ በአንድ ሹራብ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ አልጋዋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ጋሼ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። አየሩን እንደ ውሻ አሸተተው። ዞሮ እኔን አየኝ።

«ገመዱ የታለ?» አለኝ።

«የምን ገመድ?»

«ከሱቄ የጠለፍከው! ማሞቂያ ነው የደበቅከው። ወዴት ነው ያስገባኸው?»

«ፀሐይ ናት፣ ጋሼ።»

«ቀደዳህን ለተሳፋሪዎችህ!»

በሕይወቴ ለጋሼ የነገርኩት እውነት ጥቂት ነው፤ ያችኛዋ ደግሞ ለማመን ከሁሉም ከባድ ሆነችበት። መፈለግ ጀመረ። አልጋው ሥር ገብቶ ፌስታሉን በተነ፤ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳ አላቀቀ፤ ፍራሹን ዳበሰ፤ በመጨረሻ እቴቴን «እስቲ ተነሽ» አላት። ተነሳችለት፤ የተቀመጠችበትንም ዳበሰ። ደላላው ሳል የሌለበትን ጉሮሮ ጠረገ። በገዛ እጇ ያሳደገችው ልጅ የተቀመጠችበትን ሲፈትሽ እቴቴ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ገመድ ሲያጣ «ቆይ፤ አሁን እናያለን!» ብሎ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ የገባኝ ከታች ዋናውን ማጥፊያ ቋ ሲያደርገው ነው። የቤቱን መብራት በሙሉ አጠፋው። ከሱቁ «ኧረ ሰውዬ፣ ዕቃውን ሳናይ!» የሚሉ ገዢዎች ድምፅ ተሰማ። ሳቂታዎቹ ማሞቂያዎች አንድ በአንድ ጥርሳቸውን እየከደኑ እንደሆነ በዓይነ ኅሊናዬ ታየኝ። ጋሼ እያለከለከ ተመለሰ፤ መዳፉን የጣሳው አፍ ላይ ደቀነ። ያው ነው። ይነፋል። ሞቅ አድርጎ፣ ሳይቸኩል ይነፋል።

«የበረደው ሱቅህ ነው» አለችው እቴቴ።

የተሻለ ነገር ይመጣል ብዬ ስጠብቅ የከፋው መጣ። ተከራዩ መነጽሩን ጠርጎ አበቃና፣ ክፍሉን አንድ ዙር አይቶ፣ «ጥሩ ነው፤ እንዲህ ሙቅ መሆኑን አልነገራችሁኝም፤ እወስደዋለሁ» አለ። ደላላው ከመቅጽበት ሌላ ሰው ሆነ። «ሙቅ ክፍልማ ዋጋውም ሌላ ነው፤ ያለመብራት የሚሞቅ ቤት በዚህ ከተማ ከየት ይገኛል?» እያለ ጋሼን በክርኑ ነካው። የጋሼ ፊት ላይ ቁጣውና ደስታው ቦታ ሲሻሙ አየሁ። እኔ ስቱኮ በደረቀበት ጣቴ ጆሮዬን አከክሁ፤ በገዛ እጄ፣ በገዛ ምስማሬ፣ የእቴቴን ክፍል አስወድጄባት አረፍኩት!

እቴቴ ግን ልክ ይህንን ስትጠብቅ እንደነበረ ሰው ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጄ» አለችው ጋሼን። «ጠዋት ምን ነበር ያልከኝ? የሚያስወጣኝ ማን ነው ብለህ ነው በራስህ የማልክልኝ?»

ጋሼ ዓይኑን ወደ ደላላው ሰደደ።

«ብርዱ ነው አልክ። እኔም እሺ አልኩ። ይኸው ብርዱ ወጣ። አሁን የቀረኸው አንተ ነህ። በል፣ አንተ ራስህ በአፍህ ውጪ በለኝ፤ እንግዳው እየሰማ።»

ጋሼ አፉን ከፈተ። አፉ ተከፍቶ ቆየ፤ ቃል ግን አልወጣም። ደላላው «እማማ፣ ነገሩ እኮ…» ብሎ ጀመረ፤ እቴቴ በእጇ ዝም አሰኘችው፤ ፊልም ተጀምሮ የሚያወራ ተመልካችን ዝም እንደምታሰኘው። ከዚያ ወደ ተከራዩ ዞረች። «አንተም ጥፋት የለብህም። ግን ይሄ ሙቀት የቤቱ አይደለም፤ የኔ ነው። መስታወቶቹ የኔ ናቸው። እኔ መጋዘን ከወረድኩ እነሱም ከኔ ጋር አልጋዬ ሥር ይገባሉ፤ አንተም ካፖርትህን አታወልቅም።» እኔም አጋጣሚውን አላሳለፍኩም። የቱን ሚስማር ቀድሜ እንደምነቅል ለማሳየት መዶሻዬን አነሳሁ።

ተከራዩ እሷን አየ፣ ጣሳውን አየ፣ ጋሼን አየ። «ታዲያ ሴትዮዋን ከነሙቀቷ ነው የምታከራዩት?» አለና፣ መጀመሪያ እቴቴ ሳቀች፤ ሰውየውም ከሳቋ ተጋብቶበት ሳቀ። «እማማ፣ ደህና ይሙቁ» ብሎ ኮሌታውን አቅንቶ ወጣ። ደላላው «ሌላ ቤት አለኝ፣ ቆይ እንጂ፣ ከዚህ ወደ ላይ ስትሄድ…» እያለ ተከተለው። ጋሼ እኛን ሳያየን ወረደ።

ከዚያ የሆነውን ብነግራችሁ ቀደዳ ነው ትላላችሁ፤ ልብስ ሰፊውን ጠይቁት። ጋሼ ማሞቂያዎቹን አንዱንም ሳያጠፋ፣ ሁሉም እንደተሰኩ፣ ዋናውን ማጥፊያ በንዴት ቋ አድርጎ መለሰው። ሁሉም በአንዴ ሊነሱ ሲሉ ቆጣሪው አጠገብ ያለው ሳጥን ጧ አለ፤ ሰማያዊ ብልጭታ፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ጎማ ሽታ። ጨለማ። የመብራት ሠራተኛ ቢደወልለት ነገ ነው የምመጣው አለ። ገዢዎቹም ወደየቤታቸው ሄዱ። ልብስ ሰፊው ከማዶ ሆኖ ወደ ጣሪያው ጮኸ፦ «ቀደዳ! የእርግብ ሆቴልህ ላይ አንድ አልጋ ያዝልኝ፤ የእውነቴን ነው!»

ፀሐይዋ ወደ መግቢያዋ ስታዘቀዝቅ የደረጃው እንጨት እንደገና ተንቋቋ። ቀስ ብሎ። ጋሼ ነው፤ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ፣ ከንፈሩ ገርጥቶ። በሩ ላይ ቆመ።

«እቴቴ» አለ። «ሱቁ በረዶ ሆነ። ትንሽ ልሙቅ?»

ከአልጋዋ ተነሳች። ዕድሜዋን ሙሉ እንደቆመችው ቆመች፤ አንድ እግሯን ደፉ ላይ አድርጋ፣ ሌላኛውን ወደ ውስጥ፣ መዳፏን ዘርግታ።

«ትኬት» አለችው።

«የምን ትኬት?»

መዳፏም አልታጠፈም። እኔ መሳቅ ሲያምረኝ ጥርሴን ነከስኩ። ጋሼ መዳፏን አየ፤ ባዶውን ሚስማር አየ። የሚገርመው፣ ያን ጊዜ ትልቅ ሰው አይመስልም ነበር። እጁን ከብብቱ አውጥቶ ኪሱ ከተተ፤ ብዙ ፈለገ፤ አንዳንድ ሰው የሚያውቀውን ነገር ሲያወጣ እንኳ መፈለግ አለበት። ቁልፉን አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠው። እቴቴ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ በፊትም በኋላም አየችው፤ በሕይወቷ ስንት የሐሰት ትኬት ይዛለች። ከዚያ ጡቷ ውስጥ ከትታ እግሯን ከደፉ ላይ አነሳችለት።

«ግባ። የቀረው የኋላ ወንበር ነው።»

የኋላ ወንበር የተባለው ስቱኮ የበጠበጥኩበት ባልዲ ነው፤ ገለበጥኩለትና ተቀመጠ። እጆቹን ወደ ጣሳው አፍ ዘረጋ። የሚነፋው አየር ከፀሐይዋ ጋር እየደከመ ነበር፤ ጋሼም ይህን አስተዋለ። ሻጭ ነዋ፣ የሰው ዕቃ ጉድለት አያመልጠውም። አንገቱን ወደ ሰማዩ አቅንቶ ቆየና፣ እልኽ ይሁን ጭንቀት ባለየሁት ድምፅ፣ «በደመና ቀንስ ምን ልትሆኚ ነው?» አላት።

እቴቴ ከአልጋው ግርጌ ያንን የአሮጌ የሥራ ልብስ እጅጌ አነሳች፤ ማታው እየመጣ ነውና የወለሉን ቀዳዳ ወተፈችው። ቀና ብላ ካፖርቷን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

«በደመና ቀን ካፖርቴን እለብሳለሁ» አለችው። «እዚሁ።»